በቃሬዛ የሄደ ሞተር

ስለ ሞተር ምንም የማታውቁ ከሆነ ደስ ይበላችሁ። እኔም ከአምናው ግንቦት በፊት እንደናንተው ነበርኩ። ሞተር ማለት ቁልፍ ሲያዞሩበት የሚነሳ፣ ቁልፉን ሲመልሱት የሚተኛ ነገር ይመስለኝ ነበር። ያኔ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር፤ ምግብ ይስማማኝ ነበር፤ በአገሬ ሰው ዘንድም ቃሌ ይታመን ነበር። ዛሬ ከሦስቱ አንዱም የለኝም። ስለ ሞተር ዘይት ግን ግማሽ ቀን ሙሉ ላወራላችሁ እችላለሁ። እስካሁን ግን አንድም ሰው አልጠየቀኝም።

ነገሩ የጀመረው እንግዳ ሲጠፋ ነው። እኔ ላሊበላ ላይ ቱሪስት ከአውሮፕላን ማረፊያ ወደ ሆቴል የማመላልስ የሚኒባስ ሹፌር ነበርኩ። እንግዳው ሲቀር ሚኒባሷ በር ላይ ቆማ ዶሮ ይሰፍርባት ጀመር። ሸጥኳትና ወገል ጤና ከተማ ድረስ ሄጄ፣ የመንገድ ሥራ ጨርሶ ዕቃውን ከሚሸጥ አንድ ኮንትራክተር ትንሽዬ ሎደር ገዛሁ። ሎደር ስላችሁ ያንን ተራራ የሚንደውን ግዙፍ መኪና እንዳታስቡ። ይቺ ቁመቷ ከበሬ ትንሽ ከፍ የሚል፣ ፊቷ ላይ ሰፊ አካፋ የተገጠመላት፣ በቆመችበት ቦታ እንደ እንዝርት የምትሾር ናት። ቢጫ ናት፤ ድብልብል ያለች ናት። ሰፈሩ ገና ከመግባቷ «ዱባ» ብሎ ስም አወጣላት።

ባለቤቴ ብርቱካን ዱባን አንድ ጊዜ ዞረቻትና፣ «ሚኒባስ ሰጥተህ ይቺን አመጣህ?» አለችኝ።

«ሥራ ፍጠሩ እየተባለ አይደል እንዴ!»

«ፈጠርካ!» አለችና ወደ ቤት ገባች። ብርቱካን ብዙ አትናገርም። የምትናገረው ግን ሁሉ ቆይቶ እውነት ይሆናል፤ በትዳራችን ውስጥ የሚያስቸግረኝም ይኸው ነው።

የተወለድኩበት መንደር ከላሊበላ ወደ ብልባላ ከሚወስደው መንገድ ተገንጥሎ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ያስኬዳል። ከመንደሩ በታች ኩሬ አለ። ይህ ኩሬ በየዓመቱ ደለል ይሞላዋል። በየዓመቱም ዋናው ዝናብ ሳይገባ የመንደሩ ሰው በደቦ ወጥቶ ሳምንት ሙሉ ደለሉን ይዝቃል። ከተዛቀ ከብቱ በጋውን ሙሉ ደጁ ላይ ይጠጣል። ካልተዛቀ ኩሬው ገና ከገና በፊት ይደርቃል፤ ከብቱም ገደል ለገደል ወንዝ ድረስ መውረድ አለበት። ሲወርዱ ሁለት ሰዓት፣ ሲወጡ ሦስት ሰዓት ነው። ላም ከዚያ ዳገት ስትመለስ የጠጣችው ሁሉ በላብ አልቆ ነው የምትደርሰው።

ደቦውን የሚጠሩት አያ ምስጋናው ናቸው። ሰባውን አልፈዋል፤ የመንደራችን ሽማግሌ፣ አስታራቂ፣ ቀን ቆራጭ እሳቸው ናቸው። በግንቦቱ የማርያም ማኅበር ላይ ለደቦው ቀን ሊቆርጡ ቆሙ። እኔ ደግሞ ከከተማ የመጣሁ እንግዳ ነኝ ብዬ ከፍ ያለ ቦታ ተቀምጬ ሦስተኛውን ጠላ ይዣለሁ። ይህን ሁሉ መከራ ያመጣብኝ ያ ሦስተኛው ጠላ ነው እላለሁ፤ ብርቱካን ግን ሳልጠጣም እንዲሁ ነኝ ትላለች።

«ዘንድሮ ማንም አካፋ እንዳያነሳ!» አልኩ ብድግ ብዬ። «የናንተን የሳምንት ሥራ ዱባ በሁለት ቀን ታወጣዋለች! በነፃ!»

አያ ምስጋናው ዘወር አሉ። «ልጄ፣ እውነትህን ነው?»

«እውነቴን ነው!»

«በማኅበሩ ፊት?»

«በማኅበሩ ፊት!»

በኛ አገር ማኅበር ላይ፣ ጽዋው ባለበት የተነገረ ቃል ወደ አፍ አይመለስም። አያ ምስጋናው መረቁኝ፤ ምርቃታቸው ረጅም ነው። ከዚያም ሕዝቡን አሰናበቱ። ከፊሉ ገብሱን ሊዘራ ወደ ማሳው ሄደ፤ ከፊሉ ወልድያ ለቀን ሥራ ወረደ። የነበረው ደቦ ፈረሰ። ኩሬው፣ ከብቱና የአያቴ የአባቴ ስም አንድ ላይ ተጠቅልለው እኔ ትከሻ ላይ ወጡ።

ሥራ የጀመርኩበት ቀን ሠርግ ይመስል ነበር። የቀረው ሕዝብ የኩሬውን ዳር ሞልቶታል። ቁርስ ብላ ተብዬ አንድ ቤት ገባሁ፤ ስወጣ ዱባ አካፋዋ ላይ የአደይ ዘለላ የሚያክል ለምለም ሣር ታስሮላት ጠበቀችኝ። ሁልጊዜ ጠዋት ጠዋት ሞተር ሳላስነሳ የዘይቱን መለኪያ ብረት እያወጣሁ ማየት አለብኝ። ያን ቀን ግን ያ ሁሉ ሰው እያየኝ አጎንብሶ ብረት መጎርጎር አሳፈረኝ። ጌታ መስዬ ወጣሁና ቁልፉን አዞርኩ።

ግማሽ ሰዓት ያህል ጉድ ተባለ። ዱባ ደለሉን እየዛቀች ስትወረውር ሴቶች እልል አሉ። እኔም ሳያስፈልግ ሁለቴ በቆመችበት አሾርኳት። ከዚያ ከሆዷ ውስጥ አንድ ድምፅ መጣ። በብረት ድስት ውስጥ ጠጠር የሚንገጫገጭ የሚመስል ድምፅ ነው። ቀጥሎ «ቋ!» አለችና ቀጥ አለች። ቁልፉን ባዞር ዝም። ደግሜ ባዞር ዝም። ሕዝቡም ዝም።

ዝምታው ብዙ አልቆየም፤ ሁሉም ባለሙያ ሆነ። አንዱ ዓይን በልቷታል አለ። አንዱ ፀሐይ መትቷት ነው አለ። አንዲት ሴትዮ ደግሞ እኔ ቁርስ ስበላ ለዱባ ምንም እንዳልተሰጣት አስተውለው ነበርና በጣም ተቆጡኝ። እኔ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ መውረድ አቃተኝ። ብወርድ ሰው ፊት መቆም ሊኖርብኝ ነው።

በአካባቢው የናፍጣ ሞተር የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ አለ፤ ብልባላ ላይ ወፍጮ ያለው ማስተር ታደለ። ስልክ ደወልኩለት።

«ወፍጮ ነው?» አለኝ።

«ሎደር ነው።»

«በቀን ስንት ኩንታል ይፈጫል?»

«አይፈጭም፤ ይቆፍራል።»

«በናፍጣ ነው ኣ? በቃ ሞተሩን ፈተህ አምጣልኝ። እኔ ወፍጮዬን ጥዬ አልመጣም። አብሽር!»

ማስተር ታደለ «አብሽር» ካለ ክፉ ነገር እየመጣ መሆኑን ያኔ አላወቅኩም ነበር።

ሞተሩን ፈታን። ዱባ በራሷ እግር የመጣችበት መንገድ ላይ መኪና አይገባም፤ አህያም ያን ብረት አትችልም። ስለዚህ ሰው ሲታመም እንደምናደርገው አደረግን። ሁለት ረጅም የባሕር ዛፍ አጣና አምጥተን፣ መሃሉን በጠፍር አስረን፣ ሞተሩን ቃሬዛ ላይ አጋደምነው። ካፊያ ስለጀመረ ጋቢዬን አለበስኩት። ስምንት ሰው ተሸከመ።

አሁን ስህተቴን ተመልከቱ። በኛ አገር ቃሬዛ ያየ ሰው ዝም ብሎ አያልፍም። የያዘውን ጥሎ ትከሻውን ያገባል፤ ትንሽ መንገድ ተሸክሞ፣ ምሕረት ተመኝቶ ይመለሳል። እኛን ያየውም እንዲሁ አደረገ። የመጀመሪያው ገበሬ ሞፈሩን ዛፍ ላይ አስደግፎ ሮጠ። ሁለተኛው አህያውን ለቀቃት። ከባድ መሆኑን ሲያዩ ደግሞ ጭራሽ አዘኑ። «ይህን የሚያክል ጎልማሳ ምን አገኘው?» ይላሉ። ተሸካሚዎቹ ትንፋሽ ስላጠራቸው የሚመልስ የለም። እኔ ልመልስ አፌን ከፈትኩ፤ ግን አንድ ጊዜ «ሞተር ነው» ሳልል ስለዘገየሁ ከዚያ በኋላ ማለት እየከበደኝ ሄደ።

መንገድ ላይ አንድ ቄስ አገኘን። መስቀላቸውን አውጥተው ጋቢውን ባረኩና፣ «እግዚአብሔር ይማረው፤ ስሙ ማነው?» አሉኝ።

«ዱባ» አልኳቸው፤ ሌላ አልመጣልኝም።

«የክርስትና ስሙን ነው ልጄ» አሉ በሐዘኔታ።

አንድ ሽማግሌ ትኩሳት እንዳለው ሊያዩ እጃቸውን ከጋቢው ሥር አገቡ። ሲያወጡት ጥቁር ሆኗል። ፊታቸው ተለዋወጠ፤ ከዚያ በኋላ ዝቅ ባለ ድምፅ ነበር የሚያወሩት። የሴቶቹ ለቅሶ የጀመረው እዚያ ጋ ነው። ብልባላ ስንገባ አርባ ሰው ያህል ሆነን ነበር፤ ከፊቱ እኔ ነኝ፤ እኔም ከልቤ አለቅሳለሁ፤ የማለቅሰው በራሴ ነው።

ማስተር ታደለ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ጠበቀንና ጋቢውን ገለጠው።

ከሁሉ ረጅም መንገድ የተሸከመው ገበሬ ትከሻውን እያሻሸ፣ «በሬ ጠምጄ ትቼ ለዚህ ነው የመጣሁት?» አለ። ስታለቅስ የመጣች አንዲት ሴት ደግሞ ነጠላዋን አስተካክላ ከላይ እስከ ታች ካየችኝ በኋላ፣ «እንባዬን አስፈሰስከው አይደል? ያንተንም ያፍስሰው!» ብላ ረገመችኝ። እርግማኑ ብዙ ሳይቆይ ያዘኝ።

ማስተር ታደለ ሞተሩን ሲከፍተው ዘይቱ ማኪያቶ መስሎ ወጣ። ጣቱን ነከረና አሸተተው። «ውሃ ጠጥታለች» አለ። ዘይት ከውሃ ጋር ከተቀላቀለ ማለስለሱን ይተዋል፤ ብረት ከብረት ጋር ይፋጫል። ዘንጉ የሚተኛባቸው ብሮንዚና የሚባሉት ስስ ቀለበቶች ተልጠው እንደ ቆርቆሮ ተጣጥፈዋል። ውሃው ከየት ገባ ብሎ አንድ ቀን ሙሉ ፈለገ። የማቀዝቀዣው ውሃ አልጎደለም፤ ምንም የተሰነጠቀ ነገር የለም። በመጨረሻም የዘይት መሙያውን ክዳን አንስቶ ውስጡን አየና አንገቱን ነቀነቀ።

«ሰው ነው ያጠጣት። በዚህ በኩል አፍስሶባታል። ሦስት ሊትር ይሆናል።»

ደሜ ፈላ። ይህን ያደረገውን ሰው ባገኘው ምን እንደማደርገው ለማስተር ታደለ በዝርዝር ነገርኩት። እሱ ደግሞ እህል ይዞ ለመጣ ሰው ሁሉ ሞተሯ ውሃ ጠጥታ መሞቷን በዝርዝር ነገረ።

አዲስ ሞተር መግዛት ለኔ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ያለውን መጠገን ጀመርን። ከወልድያ የመጣው ብሮንዚና ሰፋ። ከኮምቦልቻ የመጣው ጠበበ። «አብሽር! በሞረድ እናስማማዋለን» አለ ማስተር ታደለ። «ወፍጮ ቢሆን ኖሮ በሞረድ ነበር የምሠራው።» ሲሞርድ ዋለ። በማግስቱ፣ «ትንሽ አብዝቼዋለሁ መሰለኝ» አለኝ። የዘይት ማጠራቀሚያውን የሚያሽገው ወረቀት ስለጠፋ ከብስኩት ካርቶን ቆርጦ ሠራ። አንድ ብሎን ስለጠፋ ከአሮጌ ወፍጮ ላይ ነቅሎ በመዶሻ አስገባው። እኔ አጠገቡ ቆሜ አያለሁ፤ ከሱ ሌላ ማን አለኝ?

በዚያ ላይ ሰኔ ገብቷል። ማስተር ታደለ በበዓል ብሎን አይነካም። ሰኔ ሚካኤል አለ፤ ማርያም አለች፤ እሑድ አለ፤ መድኃኔ ዓለም አለ፤ መሃል መሃል ላይ ደግሞ የሱ ደብር ብቻ የሚያከብረው አለ። ስለ ብሎን ማውራት ግን በበዓልም አይከለከልም ይላል። ስለዚህ በበዓል ቀን በር ላይ ተቀምጠን ነገ ስለምንፈታው ብሎን እናወራለን፤ ሰማዩ ደግሞ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ በኩል ቀን በቀን እየጠቆረ ይመጣል።

በየቅዳሜው ገበያ አያ ምስጋናው ከመንደር በእግራቸው ይመጡ ነበር። በሽተኛ እንደሚጠይቅ ሰው ዳቦ ይዘው ነው የሚመጡት። በትራቸውን ተደግፈው ከሞተሩ ራስጌ ይቆማሉ።

«ዛሬስ እንዴት ዋለች?»

«ደህና ነች አያ። ለሚቀጥለው ሳምንት ትነሳለች።»

«ሰማዩን እያየኸው ነው?»

«እያየሁት ነው አያ።»

አይቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ በተሻለኝ ነበር። ዳቦውን ያስቀምጡልኝና ያን ሁሉ መንገድ ይመለሳሉ።

አንድ ማክሰኞ ሞተሩ ተነሳ። እውነቴን ነው፤ ወፍጮ ቤቱ ወለል ላይ ድንጋይ ተደግፎ፣ ጭስ እየተፋ፣ ተነሳ። ማስተር ታደለን አቅፌ ሳምኩት። «እስከ ነገ ያለ ሸክም ዝም ብሎ ይዙር፤ ብረቱ ይለማመድ። ነገ በቃሬዛ ትወስደዋለህ። አብሽር!» አለኝ። እኔም ማመን ያለብኝን ቃል ሳይሆን ማመን የፈለግኩትን ሰማሁና ወደ መንደር ሮጥኩ። ኩሬው ዳር ቆሜ፣ «ነገ ዱባ ትነሳለች!» ብዬ ጮህኩ። አፌን የሚይዝልኝ አንድ ሰው እንኳ አጠገቤ አልነበረም።

በማግስቱ ተሸካሚ ይዤ ብመለስ ወፍጮ ቤቱ ፀጥ ብሏል። ሞተሩ ከወፍጮው ድንጋይ ጋር በቀበቶ ተያይዟል። በዙሪያው የባቄላ ዱቄት ብናኝ ነጭ አድርጎታል። ማስተር ታደለ ጥግ ላይ ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል።

«የኔው ወፍጮ ሞተር ትናንት ከሰዓት ተበላሸ» አለኝ። «ሴቶቹ ባቄላ ይዘው ከሩቅ መጥተዋል። ዓይናቸውን አይቼ ሆዴ አልቻለም። ትንሽ ብቻ ልፍጭላቸው አልኩ።»

«ስንት?»

«አራት ኩንታል።» ቀና አለና ዓይኑ በራ። «ግን እንዴት አድርጋ እንደፈጨች ብታይ! ወፍጮ ብትሆን ኖሮ ወደር የላትም ነበር!»

በዚህ ጊዜ ዘንጉ ራሱ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። የሚሞረድ ነገር አልቀረም። ሰው እንዴት ወንበር በሌለበት ቤት ውስጥ መሬት ላይ ዝርፍጥ ብሎ እንደሚቀመጥ ያን ቀን ተማርኩ። ዱቄቱ ላይ ተቀምጬ፣ ጭንቅላቴን ይዤ፣ ለማን እንደምደውል ባስብ ባስብ ከብርቱካን ሌላ ሰው አጣሁ። ነገርኳት። እንደፈራሁት አልተናገረችኝም። «ብቻህን ፊታቸው አትቆምም፤ እኔም መንደር እመጣለሁ» ብቻ አለችኝ፤ ይህ ከሁሉ በላይ አስለቀሰኝ።

መንደር ስደርስ መጀመሪያ የሄድኩት አያ ምስጋናው ዘንድ ነው። ነገሩን ሁሉ አዳመጡኝ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ጠበሉም አልረዳትም ማለት ነው» አሉ።

«የትኛው ጠበል አያ?»

«ያን ዕለት አንተ ቁርስ ስትበላ፣ ሰው ዞር ሲልልኝ ያጠጣኋት። ሁለት ቀን ሄጄ ያመጣሁት ነው። ከላይ ልረጫት አልኩና፣ ለሆዷ ይበጃት ይሆናል ብዬ ያቺን ክዳን ከፍቼ አፈሰስኩላት። ሣሩንም ያሰርኩላት እኔ ነኝ። ያልተባረከ ብረት ብቻውን ምን ያደርጋል ብዬ።»

ውሃ ላፈሰሰው ሰው በዝርዝር ካዘጋጀሁት ሁሉ አንድ ቃል ላስታውስ አልቻልኩም። የሳቸውን እግር አየሁት። ሁለት ቀን ለኔ ብረት የሄደ እግር ነው። «ጠበሉማ ጥሩ ነበር አያ» አልኳቸው። «ዘይቱን ሳላይ ያስነሳሁት እኔ ነኝ።» ይህም ቢሆን ውሸት አይደለም፤ መለኪያውን ብረት አንድ ጊዜ መዝዤ ባየው ኖሮ ማኪያቶው ይታየኝ ነበር።

በማግስቱ ኩሬው ዳር ስብሰባ ተጠራ። ሕዝቡ ያላለኝ ነገር የለም። ጉረኛ ተባልኩ፤ የከተማ ወሬኛ ተባልኩ፤ አንዱ ደግሞ ማኅበርን የናቀ አለኝ። ብርቱካን ከሴቶቹ መሃል ሆና ዓይኗን ከኔ ላይ አላነሳችም። አያ ምስጋናው እንደ ደንቡ ቆሙና፣ «የምትለው አለህ?» አሉኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር ብናገር ነፃ እወጣ ነበር። «የለኝም» አልኩ። ትንሽ ቆመው ቆዩ፤ ከዚያም ተቀመጡ።

ፍርዱ ይህ ሆነ፦ የተረፈው ሰው ሁሉ ዘሩን አቋርጦ ከነገ ጀምሮ ይዛቅ፤ ኩሬው ያለጊዜው ከደረቀ ደግሞ በጋውን ሙሉ የመንደሩን ከብት በሳምንት ሦስት ቀን ወንዝ የማወርደው እኔ ነኝ። እኔና ብርቱካን አካፋ ይዘን ከሁሉ ቀድመን ወረድን። ሁለት ቀን ዛቅን። በሦስተኛው ቀን ሰማዩ ተቀደደ። ኩሬው ከግማሹ በላይ ደለል እንደሞላ ውሃው ላዩ ላይ ተኛ፤ እኛም አካፋችንን ተደግፈን እያየን ቆምን። ከዚያ በፊት ዝናብ ሲዘንብ ደስ ያላለኝ ቀን ትዝ አይለኝም።

ኩሬው ዘንድሮ ከገና አሥር ቀን ቀደም ብሎ ደረቀ።

ስለዚህ አሁን ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከላሊበላ ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ እመጣና ከብት አወርዳለሁ። ላሞቹ ገደሉ ላይ እየቆሙ ያዩኛል፤ ሕዝቡ የነገራቸው ይመስለኛል። ጉልበቴ አብጧል። የዱባ ቅርፊት አሁንም ኩሬው ዳር ቆሟል፤ አንዳንዴ ጥጃ ጥላዋ ሥር ይተኛል።

ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ አያ ምስጋናው አብረውኝ መውረድ ጀመሩ። ተራቸው አይደለም፤ ተራ የሚባል ነገርም የላቸውም። «ይመለሱ እንጂ አያ፣ ይህ ገደል ለርስዎ አይሆንም» ብላቸው፣ «እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው» ይሉኛል። ወር ሙሉ እንዲሁ አልን። ባለፈው ዓርብ ከብቱ ወንዝ ውስጥ ገብቶ ሲጠጣ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ውሃውን እያዩ ተናገሩ።

«ካናገርከኝ በኋላ፣ ከስብሰባው በፊት በሌሊት ሰው ልኬ ታደለን አስጠይቄው ነበር። ሞተሯን የገደላት ውሃ በየት እንደገባ ነግሮኛል።»

እኔ ወደ ጥልቁ የገባችውን ጥጃ በጠጠር መለስኳት።

«ስብሰባው ላይ ትናገራለህ ብዬ ጠበቅኩህ። አልተናገርክም። ያን ጊዜ እኔ ልናገር ይገባኝ ነበር። ሰባ ዓመት ሙሉ ሰው ሲያጠፋ ተነሥና ተናገር እያልኩ የኖርኩ ሰው፣ የራሴ ሲሆን ጉልበቴ ከዳኝ።» ጉልበታቸውን በእጃቸው ያዙት። «ይኸው፣ እየቀጣሁት ነው።»

ከብቱ ጠጥቶ ሲጨርስ በትራቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። ዳገቱን ፊት ፊት የወጡት እሳቸው ናቸው።